ሙት ወቃሽ አያድርገን

የአገራችን ሰው የሟች ጉድ ሊያወራ ሲል አስቀድሞ «ሙት ወቃሽ አያድርገኝ» ይላል። ዛሬ የምንተቸው ሥራ ከአለቃው እስከ ጭፍራው ሙታን የሞሉበት ነውና እኛም ይህችን ብለን ብንጀምር ይሻላል።

ሥራው «ታስክ ፎርስ ዜድ» ይባላል። ዲሲ የተባለው የአሜሪካ አሳታሚ እ.ኤ.አ. ከ2021 እስከ 2022 በ12 ቁጥሮች ያወጣው ኮሚክ ነው። ድርሰቱ የማቲው ሮዘንበርግ ነው፤ ሥዕሉን የጀመረው ኤዲ ባሮውስ። «ሬድ ሁድ» እየተባለ የሚጠራው ጄሰን ቶድ፣ ጀግና እንዳይሉት እጁ በደም የተነከረ፣ ወንበዴ እንዳይሉት ሕሊና ያለው ሰው፣ የሞቱ ወንጀለኞችን ቡድን እንዲመራ ይሾማል። ቤን፣ ማን-ባት፣ ሚስተር ብሉምና ሌሎችም «ላዛረስ ሬዚን» በሚባል መድኃኒት እየተንቀሳቀሱ ለግዳጅ ይወጣሉ።

«ኮሚክ ደግሞ ምን ሂስ ያስፈልገዋል?» የሚል ጓደኛ አይጠፋም። ትንሽ ይታገሠን።

የታሪኩ ትልቁ ሐሳብ መድኃኒቱ ነው። የዚያው አሳታሚ የቀድሞ ቡድን «ታስክ ፎርስ ኤክስ»፣ ብዙዎቻችን «ስዊሳይድ ስኳድ» በሚለው ስሙ የምናውቀው፣ እስረኞችን የሚያሠራው አንገታቸው ውስጥ ፈንጂ ቀብሮ ነው። እምቢ ካልክ ትፈነዳለህ፣ በቃ። ሙትን ግን በሞት ማስፈራራት አይቻልም። ታዲያ ምን ይደረግ? ሕይወትን በጭልፋ እየቆነጠሩ መስጠት ነዋ! እነዚህ በድኖች መድኃኒቱን ባገኙ መጠን አእምሯቸው እየተመለሰ ይሄዳል፤ ሲጎድልባቸው የሰው ሥጋ የሚናከሱ አውሬዎች ይሆናሉ። የሚሠሩት ሰው ለመሆን ነው፤ ደመወዛቸውም ገዛ ሰውነታቸው ነው። ላዛረስ ማለት የእኛው አልዓዛር መሆኑን ልብ በሉ። የወንጌሉ አልዓዛር ከመቃብር ሲጠራ ግን ውለታህን በሥራ ክፈል አልተባለም። እዚህ ትንሣኤ ባለቤት አለው፣ መጋዘን አለው፣ ልክ አለው። ከጀርባ ሆኖ የሚያዘውም «ባለሁለት ፊቱ» ሀርቪ ዴንት ነው፤ አንዱን ነገር ሁለት ጊዜ ሳያስብ፣ ማለትም ሳንቲም ሳይወረውር የማይወስን ሰው።

ደራሲው በዚህ ላይ አንድ እሳት ጨምሯል። ቤን እ.ኤ.አ. በ2019 በወጣ ታሪክ የባትማንን ቤት አስተዳዳሪ አልፍሬድን አንገቱን ሰብሮ ገድሎታል። አልፍሬድ ደግሞ ለጄሰን አሳዳጊው ነበር። ስለዚህ ጄሰን የአሳዳጊውን ገዳይ ሬሳ እየመራ፣ ያ ሬሳ በጠብታ በጠብታ ወደ ሰውነት ሲመለስ ቆሞ ያያል። የሰውዬው አእምሮ በተመለሰ ቁጥር የሚጠየቅ ሰው እየተፈጠረ ነው ማለት ነው፤ በድንን ማን ይጠይቃል? ይኼ ጥያቄ ብቻውን አንድ ረጅም ልብ ወለድ ይሸከም ነበር።

ድክመቱን በአጭሩ እንለፈው። ቀልዱ በዝቷል፤ ነገሩ ከበድ ሲል አንዱ ተነሥቶ ያሾፋል። ወደ መካከል ደግሞ ሴራው በሴራ ላይ ይደራረብና ሙታኑ ይረሳሉ።

ዋናው ቅሬታችን ግን ሌላ ነው። ጄሰን ራሱ ሞቶ የተነሣ ነው። የሞተው የት ይመስላችኋል? ኢትዮጵያ!

እ.ኤ.አ. በ1988 መጨረሻ ጂም ስታርሊን ጽፎ ጂም አፓሮ በሣለው «ሞት በቤተሰብ ውስጥ» በተባለው ታሪክ፣ በዚያን ጊዜ የባትማን ረዳት ሮቢን የነበረው ጄሰን ወላጅ እናቱን ፍለጋ እኛ አገር ይመጣል። እናቱ ሺላ ሄይዉድ በረሃብ መጠለያ የእርዳታ ሠራተኛ ናት። ጆከር የድሮ ወንጀሏን ይዞ ያስፈራራትና ለተራቡት የመጣውን መድኃኒት ሰርቆ ሊሸጥ ይነሣል። እሷም ከእርዳታው ገንዘብ ስትመነትፍ ስለነበረ ልጇን አሳልፋ ትሰጣለች። ጆከር ልጁን በብረት ይቀጠቅጠዋል፤ ከዚያም መጋዘኑ ይፈነዳል። ይሙት ወይስ ይትረፍ የሚለውን የወሰነው አንባቢ ነው፤ ጥሪው 50 ሳንቲም በሆነ ስልክ። «ይሙት» 5,343፣ «ይኑር» 5,271። በ72 ድምፅ ሞተ።

ለስታርሊን ፍትሕ እንስጥ። እርዳታውን የሚሰርቀው ረሃብተኛው ሳይሆን ፈረንጁ መሆኑ ለዚያ ዘመን ደፋር ሐሳብ ነው። ይኸው ስታርሊን እ.ኤ.አ. በ1986 ከበርኒ ራይትሰን ጋር «ጀግኖች ረሃብን ሲዋጉ» የተባለውን፣ ሱፐርማንና ባትማን ወደ ኢትዮጵያ የመጡበትን፣ ገቢው ለተራቡ የሆነ ኮሚክ አስተባብሯል። የ77ቱን ረሃብ አያውቀውም አይባልም። ነገር ግን በ1988ቱ ታሪክ ነገሩን ወዲህ ወይም ወዲያ የሚያዞር አንድም ኢትዮጵያዊ የለም። የሚሰርቀው፣ የሚከዳው፣ የሚሞተው፣ የሚያለቅሰው ሁሉ የውጭ ሰው ነው። ባለአገሩ ከጀርባ ተሥሎ ይታያል።

እንዲህ ያለ መቼት መጋረጃ ነው፤ መጋረጃ ደግሞ ይነቀላል። እ.ኤ.አ. በ2010 ታሪኩ በካርቱን ፊልም ሲሠራ የጄሰን ሞት ወደ ሳራዬቮ ተዛወረ። ከሴራው ምን ጎደለ? ምንም።

አሁን ሁለቱን ሥራዎች ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። ሁለቱም የመድኃኒት ታሪኮች ናቸው! በመጀመሪያው መድኃኒት ሊድኑበት ከሚችሉ ሕያዋን ይሰረቃል። በሁለተኛው፣ ሞተው ላበቁ ነፍሰ ገዳዮች በልክ ይታደላል። ሁለቱም መጋዘኖች ደጃፍ ላይ የቆመው አንድ ሰው ነው፣ ጄሰን ቶድ። ለማን ይሰጣል፣ ከማን ይወሰዳል ብሎ ለመጠየቅ ከእሱ የተሻለ መብት ያለው ገጸ ባሕርይ በዚያ ዓለም አይገኝም። ሮዘንበርግ ይህን ክር በእጁ ይዞ አልሳበውም። ጄሰን የሚያስታውሰው የራሱን ሞትና የአልፍሬድን ሞት ነው። በመጋዘኑ ውስጥ የነበረው መድኃኒት ለማን እንደነበረ ትዝ አይለውም።

«ኮሚክ ነው እኮ» ለሚለው ጓደኛችን መልሳችን እዚህ ላይ ነው። አሥር ሺህ ስድስት መቶ አሥራ አራት ሰው ስልክ አንሥቶ ስለ አንድ የወረቀት ልጅ ሕይወት ድምፅ ሰጥቷል፤ ስለዚህ ነገሩን ከቁም ነገር የቆጠርነው እኛ የመጀመሪያዎቹ አይደለንም። «ታስክ ፎርስ ዜድ»ን አግኝታችሁ አንብቡት፣ በተለይ ስለ ቤን ያለውን። ከዚያ የ1988ቱን ፈልጉና ባትማን ሬሳውን ተሸክሞ የቆመበትን ገጽ ስታዩ፣ ወዲያ ማዶ ባለው መጠለያ ያሉት ሰዎች መድኃኒታቸው ይድረሳቸው አይድረሳቸው ታሪኩ ምን ያህል እንደገደደው ተመልከቱ።