1530 ላይ የቆመ ቤተ ክርስቲያን

ከካርዲፍ ወጣ ብሎ በሚገኘው የሴንት ፋጋንስ ሙዚየም ቅጥር ግቢ ውስጥ በኖራ የተለሰነ፣ ዝቅ ያለ ነጭ ቤተ ክርስቲያን አለ፤ የቅዱስ ቴይሎ። የመካከለኛውን ዘመን የዌልስ ቤተ ክርስቲያን ከራቁት ግራጫ ድንጋይ ጋር አያይዞ የሚያስብ ጎብኚ በሩን ሲያልፍ ይደናገራል። ግድግዳው በቀይና በቢጫ ተሸፍኗል። ግዙፉ ክሪስቶፎሮስ ሕፃኑን ክርስቶስን ተሸክሞ ወንዝ ይሻገራል፤ በሌላ በኩል ወታደሮች በጌታ ላይ ይዘብታሉ። የዚያ ዘመን ምእመን የክሪስቶፎሮስን ሥዕል ያየ ዕለት ድንገተኛ ሞት እንደማያገኘው ያምን ነበር።

ሕንፃው በመጀመሪያ የቆመው ከዚህ በስተምዕራብ፣ ፖንታርዲላይስ አጠገብ በሉሆር ወንዝ ዳር ነበር። የጥንቶቹ ክፍሎቹ ዕድሜ ወደ 12ኛውና 13ኛው ክፍለ ዘመን ይጠጋል (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ከዚያ በኋላ አንዱ ትውልድ ክንፍ፣ ሌላው የጎን ክፍል፣ ሌላው የመግቢያ ጥላ ጨመረበት። ሙሉ ንድፉን አስቀድሞ ያወጣ አንድ አርክቴክት የለውም። የዌልስ የገጠር ቤተ ክርስቲያን ውበትም እዚህ ላይ ነው፤ እንደ አሮጌ የገበሬ ቤት በየጊዜው እየተቀጠለ የሚያድግ ነው።

በ1980ዎቹ አጋማሽ ባለሙያዎች ድንጋይ በድንጋይ አፍርሰው ወሰዱት። ከኖራው ንብርብር ሥር የወጡት ሥዕሎች የሙዚየሙን ውሳኔ ወሰኑት፤ ሕንፃው ከተሐድሶው ዋዜማ፣ በ1530 አካባቢ፣ የነበረውን መልክ እንዲይዝ ተፈረደ። በ2007 ለሕዝብ ሲከፈት ሥዕሎቹ በአዲስ ልስን ላይ እንደገና ተሥለው፣ መቅደሱን ከሕዝቡ የሚለየው የእንጨት መጋረጃም በእጅ ተቀርጾ ነበር። የጎደለው በሌሎች አብያተ ክርስቲያናት ምሳሌ ተሞላ።

ሥራው ድንቅ ነው። ስለ ቀለም ከመቶ መጽሐፍ የበለጠ ያስተምራል። የተመረጠው ዓመት ግን ዋጋ አስከፍሏል። በ1530 በዚህ መቅደስ የሚሰማው የጸሎት ቋንቋ ላቲን ነበር። የዌልስኛ የጸሎት መጽሐፍና አዲስ ኪዳን የታተሙት በ1567፣ ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ ደግሞ በ1588 ነው። ገበሬው በአፍ መፍቻ ቋንቋው የጸለየበት ዘመን፣ ሥዕሎቹ በኖራ የተሸፈኑበት ያ ዘመን፣ ከግድግዳው ተፍቋል። የዌልስን ሕዝብ ሕይወት ለማሳየት በቆመ ሙዚየም ውስጥ ይህ ቀላል መሥዋዕት አይደለም።

እርግጥ እዚያው ግቢ የኋለኛውን እምነት የሚያሳይ የፔንሪው የጸሎት ቤት አለ። ነገር ግን ክሪስቶፎሮስን በኖራ የሸፈኑት ሰዎች የጸለዩት ሌላ ቤት ሄደው ሳይሆን እዚያው ግድግዳ ሥር ነው። ሌላ መንገድ አልነበረም እንዳይባል ደግሞ፣ ይኸው ሙዚየም ከመርተር ቲድፊል ያመጣቸውን ስድስት የሪድ-ኢ-ካር የሠራተኛ ቤቶች ከ1805 እስከ 1985 ባሉ ስድስት የተለያዩ ዓመታት አስጊጧል። ለብረት ሠራተኛ ጓዳ የተሰጠው ጊዜ ለቤተ ክርስቲያኑ ተነፈገ።

ጊዜ ያልተነፈገውን ለማየት ወደ ጥቁር ተራሮች፣ ወደ ፓትሪሾ ትንሽ ቤተ ክርስቲያን መውጣት ያሻል። በ1500 አካባቢ የተቀረጸው የእንጨት መጋረጃ እዚያ በቦታው አለ፤ ተሐድሶው ያልነካቸው ሁለት የድንጋይ መንበሮች ከሥሩ ግራና ቀኝ ተቀምጠዋል። ሥዕል ይታገድ ያሉት ሰዎች የጻፏቸው ቃላትም ግድግዳው ላይ ናቸው። እነዚህ ባላንጣዎች በአንድ ጣሪያ ሥር ተፋጠው ቀርተዋል፤ ማንም ሊያስታርቃቸው አልሞከረም። በምዕራቡ ግድግዳ ላይ ደግሞ ማጭድና የአሸዋ ሰዓት የያዘ የሞት አጽም ቆሞ ሁለቱንም ወገን ያያል።