ለመሣሪያ የተነገረ ምስጢር፦ ስለ ዋይዘንባም መጽሐፍ የቀረበ ሒስ
በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም መምህር የነበረው ጆሴፍ ዋይዘንባም «የኮምፒዩተር ኃይልና የሰው ልጅ ማስተዋል» ተብሎ ሊተረጐም የሚችለውን መጽሐፉን ያሳተመው በ1976 እ.ኤ.አ. ነበር። መጽሐፉ ዕድሜው ቢገፋም፣ ኮምፒዩተር ወደ ትምህርት ቤት በሚገባበት በዚህ ወቅት በመምህራንና በትምህርት ዕቅድ አውጪዎች ሊመረመር የሚገባው ነው። ይሁን እንጂ ለትምህርት ቤት እጅግ የሚጠቅመው ቁም ነገር ደራሲው አጥብቆ በተከራከረበት ሳይሆን ጠቅሶ ባለፈው ነገር ላይ ይገኛል።

የመጽሐፉ መነሻ ደራሲው ራሱ የሠራውና በ1966 እ.ኤ.አ. ለሙያ ባልደረቦቹ በጽሑፍ ያስተዋወቀው «ኤላይዛ» የተባለ ፕሮግራም ነው። «ሐኪም» በተሰኘው ክፍሉ የሥነ አእምሮ ሐኪምን አነጋገር ያስመስላል። አሠራሩ ግን ቀላል ነው። ሰው ከጻፈው ዓረፍተ ነገር ውስጥ ቁልፍ ቃል ይፈልጋል፤ «እኔ» የሚለውን ወደ «አንተ» ለውጦ የሰውየውን ቃል በጥያቄ መልክ ይመልሳል። ሰውየው ስለ እናቱ የጻፈ እንደ ሆነ ስለ ቤተሰቡ እንዲያወራ ይጋብዘዋል፤ ቁልፍ ቃል ያጣ እንደ ሆነ «ቀጥል» ይላል፣ ወይም ቀደም ሲል የተጻፈውን ያነሣል። ስለ እናትም ሆነ ስለ ሐዘን የሚያውቀው አንዳች ነገር የለም።

የሆነው ሆኖ፣ ፕሮግራሙ ሲሠራ ለወራት ያየችው የዋይዘንባም የቢሮ ጸሐፊ እንኳ ከመሣሪያው ጋር ጥቂት እንደ ተጻጻፈች እርሱ ከክፍሉ እንዲወጣላት ጠየቀችው። አንዳንድ የሥነ አእምሮ ባለሙያዎችም ፕሮግራሙ ቢሻሻል ለሕክምና ሊያገለግል ይችላል አሉ። ዋይዘንባም በዚህ ደንግጦ ስሌትና ፍርድ የተለያዩ መሆናቸውን አስረዳ። ኮምፒዩተር አንድን ሥራ መሥራት ስለ ቻለ ብቻ ሥራው ሊሰጠው አይገባም፤ ይልቁንም የሌላውን ሰው ሕመም መረዳትን የሚጠይቅ ተግባር የሰው ድርሻ ሆኖ መቅረት አለበት አለ። የመጽሐፉ ጥንካሬ ይህ ክርክር ነው።

ጉድለቱ የሚታየው በሌላ ገጠመኝ ላይ ነው። ደራሲው ሰዎች ከፕሮግራሙ ጋር ያደረጉትን ምልልስ ሁሉ በኋላ ለመመልከት የሚያስችል ዘዴ ለማበጀት ሐሳብ ባቀረበ ጊዜ፣ ይህ የሰውን የልብ ምስጢር መሰለል ነው የሚል ተቃውሞ ወረደበት። እርሱ ግን ተቃውሞውን የጠቀሰው ሰዎች መሣሪያውን እንደ ሰው መቍጠራቸውን ለማስረዳት ነው። ተቃዋሚዎቹ ስለ መሣሪያው ማንነት ተታልለው ቢሆን እንኳ ስለ መዝገቡ አልተሳሳቱም። ምልልሱ ተመዝግቦ የሚቀር ከሆነ የመሣሪያውን ባለቤት ከክፍል ማስወጣት አይበቃም። በእርግጥ ደራሲው በዚያው መጽሐፍ ንግግርን የሚለዩ ኮምፒዩተሮች ለስልክ ጠለፋ ሊያገለግሉ እንደሚችሉ አስጠንቅቋል። ሆኖም ጠላፊ ሳያስፈልግ ሰው በገዛ ፈቃዱ ምስጢሩን የሚያስረክብበትን ሁኔታ፣ ምሳሌው በእጁ እያለ፣ በሚገባ አልመረመረውም።

ነገሩን በአማርኛ የሚሞክር መምህር ጉዳዩን ቶሎ ይገነዘበዋል። በእንግሊዝኛ ለዚህ ጨዋታ ከሞላ ጐደል ተውላጠ ስምን መለወጥ ይበቃል። በአማርኛ ግን «እፈራለሁ» ላለ ሰው «ለምን ትፈራለህ?» ወይም «ለምን ትፈሪያለሽ?» ብሎ ለመመለስ፣ «እርስዎ» ብሎ በአክብሮት ካላለፈው በቀር፣ ፕሮግራሙ አስቀድሞ ጾታን ማወቅ አለበት። ጨዋታ የሚመስለው ነገር ገና ሳይጀመር የመጀመሪያውን የግል መረጃ ሰብስቧል ማለት ነው።

የዛሬዎቹ አነጋጋሪ ፕሮግራሞች ከኤላይዛ እጅግ የረቀቁ ናቸው። ተማሪው የሚጽፈውም ብዙውን ጊዜ የሚደርሰው በሩቅ አገር ወዳለ የኩባንያ ኮምፒዩተር ነው። በኢትዮጵያ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ የግል መረጃ የሚሰበሰብበት ዓላማ ተለይቶ እንዲታወቅም ያዝዛል። ሕጉ ፍሬ የሚሰጠው ግን ፕሮግራም ወደ ክፍል ከመግባቱ አስቀድሞ ተማሪው የጻፈው የት እንደሚቀመጥ፣ ማን እንደሚያነበውና መቼ እንደሚሰረዝ ዕቅድ አውጪው ሲጠይቅ ነው። ለእነዚህ መልስ ያልተገኘለት ፕሮግራም፣ ምንም ያህል ቢያስተምር፣ ለሕፃናት ሊቀርብ አይገባውም።

ዋይዘንባም ነጣጥሎ ያያቸው ሁለቱ ጉዳዮች በመሠረቱ አንድ ናቸው። ተማሪ ችግሩን ለመምህሩ ሲያዋይ፣ መምህሩ የትኛውን ነገር በሆዱ እንደሚይዝ፣ የትኛውን ደግሞ ለወላጅ ወይም ለርእሰ መምህር ማሳወቅ እንዳለበት ያመዛዝናል። ምስጢር መጠበቅ ራሱ ፍርድ ነው። መዝገብ ግን የተሰጠውን ሁሉ እኩል ይይዛል፤ ለከፈተውም ሁሉ እኩል ይሰጣል። «ከአፍ ከወጣ አፋፍ» የሚለው አባባል ጥንት ለተናጋሪው የተሰጠ ምክር ነበር፤ ዛሬ ግን ልጆችን ከመሣሪያ ጋር የሚያነጋግሩ ሁሉ ሊያስቡበት የሚገባ ኀላፊነት ሆኗል።