አውጪና ተቀባይ

በሠርግ ቤትም ሆነ በጥምቀት ሜዳ የሚዘፈን የባህል ዘፈን ሁለት ወገን አለው፤ አንዱ አውጪ ነው፣ ሌላው ተቀባይ። አውጪዋ ግጥሟን ጥላ ትንፋሿን ስትሰበስብ ተቀባዩ ያነሣዋል፤ ተቀባዩ ሲጨርስ እሷ ሌላ ይዛ ትመለሳለች። ጥሩ አውጪ የሚቀበላትን ሰው ዓይን ዓይኑን እያየች ነው የምታወጣው። ሞቅ ሲል ትጨምራለች፣ ቀዝቀዝ ሲል ግጥም ትቀይራለች። የተቀዳ ሙዚቃን ደኅናውን ከመናኛው ለመለየት ብዙ ዓመት ስሞክር ከዚህ የተሻለ መለኪያ አላገኘሁም። አንድ አልበም ስከፍት መጀመሪያ የምጠይቀው «ይህን ድምፅ የሚቀበለው አለ ወይ?» ብዬ ነው።

ጥያቄው በተለይ የሚጠቅመው በእጅጋየሁ ሽባባው፣ ሁላችንም ጂጂ በምንላት፣ ሥራዎች ላይ ለሚነሣው የቆየ ክርክር ነው። ጂጂ ግጥምና ዜማዋን ራሷ የምትሠራ ድምፃዊት ናት። ቻግኒ ተወልዳ፣ የቤተ ክርስቲያን ዜማና የጎጃም ዘፈን በጆሮዋ ይዛ፣ በናይሮቢ በኩል አሜሪካ ገባች። እ.ኤ.አ. በ2001 በስሟ የተጠራው አልበም ፓልም ፒክቸርስ በተባለው የክሪስ ብላክዌል ኩባንያ በኩል ሲወጣ ፕሮዲውሰሩ ቢል ላስዌል ነበር። ላስዌል ራሱ ቤዝ ተጫዋች ነው፤ ዝቅ ያለ፣ ደረት ውስጥ የሚገባ ድምፅ ይወዳል። ኸርቢ ሃንኮክን፣ ዌይን ሾርተርንና ፋሮ ሳንደርስን የመሰሉ የጃዝ አውራዎችን አሰባስቦ አጫወተ። ውጭ አገር ብዙ አድማጭ አገኘች፤ እዚህ ግን ያልወደደው ሰው ብዙ ነበር። ፈረንጆቹ ድምፅዋን ዋጡት ተባለ።

ነገሩ በዚያ አላበቃም። እ.ኤ.አ. በ2003 ላስዌል የዚያኑ አልበም ዘፈኖች ፈታቶ «ኢሉሚኔትድ ኦዲዮ» በሚል እንደገና ሠራቸው። በዚያው ዓመት «አቢሲኒያ ኢንፊኒት» በሚል የቡድን ስም «ዛየን ሩትስ» ወጣ፤ እሱ በክራር፣ በዋሽንት፣ በጊታርና በከበሮ የተሠራ፣ ኤሌክትሪክ የሌለበት የሚመስል ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 «ጎልድ ኤንድ ዋክስ» ተከተለ፤ እ.ኤ.አ. በ2010 ደግሞ ማቴሪያል ከተባለው የላስዌል ባንድ ጋር በመድረክ የተቀዳው «ምስጋና ኢትዮጵያ»። አንድ ድምፅ፣ አንድ ፕሮዲውሰር፣ የተለያየ ልብስ። ጆሮውን ማሠልጠን ለሚፈልግ ሰው ከዚህ የተመቸ ትምህርት ቤት አላውቅም።

በክርክሩ ውስጥ ሁለቱም ወገን የሚቆጥረው መሣሪያ ነው። አንዱ «ሳክስፎን በዛ» ይላል፤ ሌላው «ክራር ብቻውን አይበቃም» ይላል። የመሣሪያ ብዛት ግን ብዙ አይነግረንም። ሃያ ሰው የያዘ ኦርኬስትራ ለዘፋኝ መንገድ ሲለቅ ሰምቻለሁ፤ አንድ ኪቦርድ ብቻውን ዘፋኝን ሲያፍን ደግሞ ከዚያ ይበልጥ ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ።

መሣሪያውን ትተን ከፊደሉ እንጀምር። አማርኛ በማጥበቅና በማላላት ትርጉም የሚለውጥ ቋንቋ ነው። «ይመታል» ሲላላ ሰውየው ሌላውን ይመታል፤ ሲጠብቅ ዱላው በራሱ ላይ ነው። «አለ» ሲላላ ተናግሯል፤ ሲጠብቅ እዚያው አለ። ሰምና ወርቅ ግማሽ ሕይወቱ በዚህች ልዩነት ላይ የተንጠለጠለ ነው። እንግዲህ የሚጠብቅ ፊደል በድምፅ ሲታይ ምንድን ነው? እንደ «ተ»፣ «ጠ» እና «ቀ» ባሉት ላይ አፍ ለቅጽበት ተዘግቶ የሚቆይባት፣ ከዓይን ጥቅሻ የምታጥር ዝምታ ናት። በቀረጻው ላይ ኢኮና ሪቨርብ ሲበዛ የቀደመው አናባቢ ጅራት ያቺን ዝምታ ይሞላታል። ኮምፕሬሰር የሚባለው መሣሪያ ደግሞ ጮክ ያለውንና ቀስ ያለውን ወደ አንድ ልክ ስለሚያመጣ ጅራቱን የበለጠ ያሰማዋል። የጠበቀው የላላ ይመስላል፤ «ጠ» እና «ቀ» ያን ደረቅ ፍንጣሪያቸውን ያጣሉ። ዘፈኑ ያምራል፣ ይንሳፈፋል፣ ወርቁ ግን ሰሙ ውስጥ እንደተቀበረ ይቀራል። የሌላ ቋንቋ ተናጋሪ ፕሮዲውሰር ይህን ጉዳት ላይሰማው ይችላል፤ አልወቅሰውም። አማርኛ አፉን የፈታበት የእኛው አቀናባሪ ሲያደርገው ግን በጣም ያሳዝነኛል።

ፈተናው ቀላል ነው። ዘፈኑን ሰምቶት የማያውቅ ሰው ጥሩና የመጀመሪያዎቹን ሁለት ስንኞች አንድ ጊዜ ብቻ ሰምቶ ወረቀት ላይ እንዲጽፋቸው አድርጉ። ካልቻለ ጥፋቱ የእሱ አይደለም። በዚህ ፈተና «ዛየን ሩትስ» ያለ ችግር ያልፋል። የ2001ዱ አልበም ዘፈን በዘፈን ይለያያል፤ «አድዋ» ላይ ድምፅዋ ሰፊ ቦታ ስላላት ቃሉ እያንዳንዱ ለብቻው ይቆማል፣ ዘፈኑ ይህን ያህል ሰው የሚያስለቅሰውም በከፊል ለዚህ ይመስለኛል።

ቀጥሎ ቅኝቱ ይመጣል። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺሆዬ ብለን አራት ስም እንጠራለን እንጂ ክራር ገራፊ ክሩን የሚያጠብቀው በጆሮው ነው፤ ለዘፋኙ ጉሮሮ እንዲመች አድርጎ። ኪቦርድ ግን አንዱን ስምንዮሽ ለአሥራ ሁለት እኩል ቦታ ከፍሎ የመጣ ነው፤ ከዚያ ውጪ ያለውን አያውቅም። አንቺሆዬ በኪቦርድ ሲመታ አንድ ነገር የሚጎድለው ለዚህ ነው። ድምፃዊው በዚያ ኪቦርድ ላይ ሲዘፍን ሳያውቀው ጉሮሮውን ወደ ማሽኑ ያጠጋል። በዚህ ላይ አውቶቲዩን ሲጨመር ነገሩ ያልቅለታል። ይህን ሶፍትዌር እ.ኤ.አ. በ1997 ያወጣው አንዲ ሂልደብራንድ ቀደም ሲል ለነዳጅ ፍለጋ ከመሬት ሥር የሚመጣ የድምፅ ሞገድ ይመረምር የነበረ መሐንዲስ ነው። መሣሪያው የሳተ ድምፅን ወደ ቅርቡ ቁልፍ ይስበዋል። በእኛ ዘፈን ግን ዘፋኙ ከቁልፉ ፈቀቅ ያለው አውቆ ነው፤ እንጉርጉሮ የሚባለው ነገር ያለው በሁለት ቁልፍ መካከል ነው። እሱን «ማረም» የአረጋዊን ፊት ከፎቶግራፍ ላይ ሸብሸብ እንዳይል ማለስለስ ነው።

በመድረክ ቀረጻ ላይ ይህን ለመስማት የስንኙን መጨረሻ ጠብቁ። በስቱዲዮ የዘፈነ ሰው የስንኙን ጫፍ ልክ እንደ ተጻፈው ያሳርፈዋል። ሰው ፊት የቆመ ዘፋኝ ጫፉን ያወዛውዘዋል፣ ይሰብረዋል፣ አንዳንዴ ሳያሳርፈው ለተቀባዩ ይተውለታል። ያኔ መሲንቆው ምን እንደሚያደርግ አዳምጡ። መሲንቆ የድምፅ ጥላ ነው፤ ዘፋኙን ከኋላ፣ በጣት በምትለካ ርቀት፣ ይከተለዋል። ዘፋኙ ሲያመነታ አብሮ ያመነታል። በስቱዲዮ ግን ብዙ ጊዜ የሚቀዳው ድራሙ፣ ቤዙና ኪቦርዱ ካለቁ በኋላ ነው፤ ተጫዋቹ የጆሮ ማዳመጫ አድርጎ ሁሉን አስቀድሞ እያወቀ ይገባል። ጥላው ከሰውዬው እኩል ይራመዳል። እንዲህ ያለ መሲንቆ ለጌጥ የገባ ነው፤ ባይኖርም ዘፈኑ አይጎድልበትም።

መድረክ ሁሉ ግን ጥሩ ነው ማለቴ አይደለም። ወዳጆቼ «ላይቭ» የሚል ጽሑፍ ሲያዩ ብቻ ጆሯቸውን ያስገዛሉ፤ ይህ ትልቅ ስሕተት ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት በጣም ከምወዳቸው ዘፋኞች አንዱን ለመስማት አንድ ሰፊ አዳራሽ ገባሁ። ጣሪያው ቆርቆሮ ነበር፤ ድምፁ ከግድግዳ ግድግዳ እየተላተመ ሦስት ጊዜ ይመለስ ነበር። ቤዙ ሆድ ያናውጣል፣ ግጥሙ አይሰማም። ሰውዬው ሁለት ዘፈን ከዘፈነ በኋላ ተስፋ ቆርጦ ይመስለኛል ማይኩን ወደ ሕዝቡ አዞረና ከዚያ ወዲያ የዘፈነው ሕዝቡ ነው። ሰው ተደስቶ ወጣ፤ እኔ አዝኜ። ማይክ ለሕዝብ ማዞር መቀባበል አይደለም። አውጪ ከሌለ ተቀባይ የሚቀበለው የለም፤ ቀድሞ በቃሉ የያዘውን ነው የሚደግመው። ፕሌይባክ እያስኬዱ አፍ ማንቀሳቀስን በተመለከተ የምለው የለኝም፤ እሱ ለመመዘንም አይቀርብም።

የመድረክ ቀረጻ ጥሩ ሲሆን ምልክቱ የሕዝቡ ጩኸት መጠን ሳይሆን ጩኸቱ የሚመጣበት ቦታ ነው። እልልታው የታወቀው ዘፈን ሲጀመር ብቻ ከመጣ ሰዎቹ የተቀበሉት ትዝታቸውን ነው። በመሐል፣ አንድ ስንኝ ሲያልቅ፣ ከአንድ ጥግ ብቻ «እሰይ!» የሚል ድምፅ ከተሰማ፣ ቀጥሎም ዘፋኙ ያችን ስንኝ ደግሞ ካነሣት፣ እዚያ ላይ ቁሙ፤ መልሳችሁም ስሙት። በአዝማሪ ቤት ሌሊቱን ሙሉ የሚሆነው ይኸው ነው። እንግዳው ስንኝ ይሰጣል፣ አዝማሪው በመሲንቆው አዙሮ ይመልሰዋል፣ እንግዳው ሌላ ይጨምራል። ግጥሙ የማን እንደሆነ ጠዋት ላይ የሚያውቅ የለም።

ስቱዲዮንም ጠላት አድርጌ አላየውም። የማሕሙድ አሕመድ «እሬ መላ መላ» እ.ኤ.አ. በ1975 ከአይቤክስ ባንድ ጋር የተሠራ ነው። ስሙት፤ ባንዱ አንድ ክፍል ውስጥ ተያይቶ እየተጫወተ እንደሆነ ያስታውቃል። ቤዙ ማሕሙድን ይጠብቀዋል፣ ማሕሙድ ቤዙን ይጋልበዋል። በየምሽቱ በክበብና በሆቴል አብረው የሚጫወቱ ሰዎች ስለሆኑ ስቱዲዮ ሲገቡ ይዘው የገቡት መድረካቸውን ነው። በዚያ ዘመን በመድረክና በቀረጻ መካከል ያለው ርቀት አንድ የበር ደፍ ነበር። ርቀቱን ያሰፋው ሰዓት እላፊ ነው። የደርግ ዘመን የአዲስ አበባን ሌሊት ሲዘጋ ባንዶች የሚጫወቱበት አጡ፤ ብዙ ሙዚቀኛ ተሰደደ። ከዚያ በኋላ በካሴት ዘመን አንድ ኪቦርድ የነሐስ መሣሪያውንም፣ ድራሙንም፣ ቫዮሊኑንም ተክቶ ብቻውን ቀረ። በዋሽንግተንና በሌሎች የስደት ከተሞችም ዘፋኙና ኪቦርድ ተጫዋቹ ሁለት ሆነው መዞር የተለመደ ሆነ፤ ለሙሉ ባንድ የሚበቃ ገንዘብ አይገኝም ነበርና። እነዚያን ካሴቶች እንወዳቸዋለን፤ ወጣትነታችን ያለው እነሱ ውስጥ ነው። ፍቅራችን ግን ጆሯችንን ሊያታልለው አይገባም። ዘፋኙ ብቻውን ነው የቆመው፤ ማሽን አይቀበልም።

ወደ ጂጂ ስመለስ የእኔ ፍርድ እንዲህ ነው። የ2001ዱ አልበም ከሚወራበት የተሻለ ሥራ ነው። ነፊዎቹ በቃልዋ መካከል ሲገቡ ቋንቋውን ባያውቁትም ትንፋሿን እያደመጡ ነው የሚመልሱላት፤ ያ መቀበል ነው፣ የባዕድ ሰው ስለሆነ አይናቅም። አልበሙ የሚደክመው የድራሙና የቤዙ ምት አስቀድሞ ተዘርግቶ እሷ ላዩ ላይ እንድትራመድ በተደረገባቸው ቦታዎች ነው። እዚያ ላይ ወደፊት ልፍጠን ወይም ልዘግይ ብትል የሚከተላት የለም። «ምስጋና ኢትዮጵያ» ላይ የላስዌል ከባድ ቤዝ እንዳለ ነው፤ ቢሆንም ሰው ከሰው ጋር እየተጫወተ ስለሆነ ምቱ ይተነፍሳል፣ እሷም ስንኟን እንደ ልቧ ታስረዝማለች። «ኢሉሚኔትድ ኦዲዮ» በሙዚቃነቱ የተዋበ ሥራ ነው፤ ብዙ ሌሊት አድምጬዋለሁ፤ ግን የጂጂ አልበም ብዬ ለማንም አልሰጥም። ድምፅዋ እዚያ ውስጥ እንደ ዕጣን ጢስ ይመጣል፣ ይሄዳል። «ዛየን ሩትስ»ን ከሁሉም በላይ አስቀምጠዋለሁ፤ የስቱዲዮ ሥራ ሆኖም ሁሉም መሣሪያ ፊቱን ወደ እሷ ያዞረ ነው።

ይህን ፍርድ ያጸናችልኝ አንዲት የእሑድ ከሰዓት ናት። ዳሞት ያደጉ ታላቅ አክስቴ ቤት ሄጄ ቡና ሲለቅሙ «ዛየን ሩትስ»ን ከፈትኩ። «ባቲ ባቲ» ላይ ነበርን። እጃቸው ሰፌዱ ላይ እንዳለ፣ ዓይናቸውን ሳያነሡ፣ ጂጂ ስንኟን ጥላ ትንፋሽ ስትወስድ እሳቸው ዝቅ ባለ ድምፅ ተቀበሏት። ቀጣዩም ላይ እንዲሁ። እየተቀበሉ መሆናቸውን ያወቁ አይመስለኝም። ዝም ብዬ አልበሙ እስኪያልቅ ጠበቅሁ፤ ከዚያ ቡናው ምጣዱ ላይ ሲንጣጣ «ኢሉሚኔትድ ኦዲዮ»ን አስከተልኩ። ቤዙ መጣ፣ ድምፅዋ ከሩቅ ብቅ አለችና በኢኮው ውስጥ ሟሟች። አክስቴ መቁያውን ይዘው ቀና አሉ፤ ትንሽ ጠበቁ።

«ምነው፣» አሉኝ፣ «ልጅቷ የት ሄደች?»