ያልተጠየቀው የስለት ልጅ
«ፍቅር እስከ መቃብር»ን በጾም ወራት ስናነብ

ውድ ወጣቶች፣ ብቸናም ኑሩ ሞጣ፣ በዚህ የዐቢይ ጾም ወራት ከመጽሐፍ ቅዱሳችሁ ጎን አንድ ልብ ወለድ እንድታነቡ እንጋብዛችኋለን። በ1958 ዓ.ም. የታተመው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ነው። ብዙዎቻችሁ የፍቅር ታሪክ እንደሆነ ታውቃላችሁ። ነገር ግን መጽሐፉ ሰሚ ያጡ ሰዎችም ታሪክ ነው፤ መናገር ብቻ ያለበት፣ መስማት የጎደለው ሃይማኖት ሰውን እንዴት እንደሚጎዳም ያሳያል።

ታሪኩ ለምሥራቅ ጎጃም ልጆች ሩቅ አይደለም። ከብቸና ብዙ የማይርቀው ዲማ ጊዮርጊስ ደራሲው በልጅነቱ ከተማረባቸው ቦታዎች አንዱ ነው፤ በዛብህንም ለትምህርት ወደዚያው ይልከዋል።

በዛብህ የስለት ልጅ ነው። ሳያገባ እግዚአብሔርን እንዲያገለግል የተሳሉት ወላጆቹ ናቸው፤ ስለቱን ተሸክሞ የሚኖረው ግን እርሱ ነው። ሰብለ ወንጌልን ሲወድ ሕሊናው ይከፈልበታል። ደራሲው ወላጆቹን ክፉ አድርጎ አልሣላቸውም፤ የመጽሐፉም ጥንካሬ እዚህ ላይ ነው። ልጃቸውን ይወዳሉ፣ እግዚአብሔርንም ይፈራሉ። የጎደለው አንድ ነገር ነው፤ ልጁን የጠየቀው የለም።

አሁን 1ኛ ሳሙኤልን ግለጡ። ሐናም ልጅዋን ተስላለች። በምዕራፍ 3 ግን ጌታ ብላቴናውን ራሱን በስሙ ይጠራዋል። ዔሊም «እናትህ ተስላለችና አገልግል» ብሎ አልዘጋበትም፤ ተመልሶ ተኝቶ እንዲሰማ አስተማረው። ጠዋት ላይም በገዛ ቤቱ ላይ የተነገረውን ከባድ ቃል ከልጁ አፍ ጠይቆ ሰማ፣ ተቀበለም። በዛብህ ያጣው እንደዚህ ያለ ሰው ነው።

ፊታውራሪ መሸሻን ደግሞ ተመልከቱ። ሰብለ ወንጌልን ሊያገቡ የሚፈልጉትን በዘር እየመዘኑ ሲመልሱ የእርሷን ልብ አልጠየቁም። ገበሬዎቹ የተጨመረባቸውን ግብር አንከፍልም ሲሉም አቤቱታቸውን እንደ ድፍረት ቆጥረው ዘመቱባቸው፤ በመጨረሻም አበጀ በለው በሚመራቸው ገበሬዎች እጅ ተማረኩ። ኢሳይያስ 58ን ከዚህ ጋር አንብቡት። ነቢዩ የሚወቅሰው እየጾሙ ሠራተኞቻቸውን የሚያስጨንቁትን ነው። የድሀውን ድምፅ የማይሰማ ጾም በሰማይም እንደማይሰማ ይናገራል።

ጉዱ ካሣስ? እብድ ይሉታል። እብድ ከተባለ ማንም ሊሰማው አይገደድም። እዚህ ላይ ግን ደራሲውን አንድ ነገር እንወቅሰዋለን። የጉዱ ካሣ ንግግሮች አንዳንዴ እጅግ ይረዝማሉ፤ ጨዋታ መሆናቸው ይቀርና ስብከት ይሆናሉ። በኢትዮጵያ ሬዲዮ ወጋየሁ ንጋቱ ሲተርከው የሰሙ ግን ርዝመቱ ያን ያህል አይከብዳቸውም፤ ድምፁ የገጸ ባሕርዩን ምሬት ሰው ሰው እንዲሸት ያደርገዋልና። ስለዚህ በኅብረታችሁ አንዱ ጮክ ብሎ ያንብብ፣ ሌላው ያዳምጥ።

ይህ ሁሉ ከጸሎታችን ጋር ምን አገናኘው? በጸሎት ፕሮግራሞቻችን ርዕስ ይሰጣል፣ ድምፃችንን ከፍ አድርገን እንጸልያለን፣ «አሜን» ብለን እንበተናለን። ጮኾ መጸለይ ክፉ አይደለም። ነገር ግን ጌታ ሊናገረን ቢፈልግ በየትኛው ደቂቃ ይናገር? በዚህ ጾም አንድ ቀን 1ኛ ሳሙኤል 3ን አንብባችሁ ዐሥር ደቂቃ ዝም በሉ። መጀመሪያ ሐሳባችሁ ይበተናል፤ አትደንግጡ፣ ወደ ቃሉ ተመለሱ።

ከዚያም ወደ ሰው ዙሩ። በኅብረታችሁ ውስጥ እናቱ ለአገልግሎት የተሳለችው ወይም ከልጅነቱ «ይህ የጌታ አገልጋይ ይሆናል» የተባለለት ወጣት ሊኖር ይችላል። ምናልባት ደስ ብሎት ይሆናል፤ ምናልባትም እንደ በዛብህ በውስጡ እየታገለ ዝም ብሎ ይሆናል። እጅ ጭናችሁ ከመጸለያችሁ በፊት «አንተስ ምን ትላለህ?» ብላችሁ ጠይቁት። መልሱን ሳታቋርጡ፣ ለምክርም ሳትቸኩሉ እስከ መጨረሻው ስሙት። ጸሎታችሁ ከዚያ ይጀምር።