አያቴን ማን አቀላት?

ከአርባ ምንጭ ወደ ሶዶ በሚወስደው መንገድ፣ ላንቴ፣ ሙዝ መሃል ባለው የቤተሰቦቼ ቤት ሳሎን ውስጥ የአያቴ ሥዕል ተሰቅሏል። በዘይት ቀለም የተሠራ፣ ትልቅ፣ ክፈፉ ወርቃማ። አምና ካረፈች በኋላ ከፎቶ ላይ ያሠራነው ነው። የመጣ እንግዳ ሁሉ «እንዴት አምራለች!» ይላል። በቀደም የእህቴ ልጅ ሥዕሉ ሥር ቆማ ብዙ አየችና «ይቺ ማናት?» አለች። አምስት ዓመቷ ነው፤ ያደገችው አያቴ ጭን ላይ ነው።

ሥራዬ ሶፍትዌር መጻፍ ስለሆነ ስህተት ሲያጋጥመኝ ቦታውን ካላገኘሁ እንቅልፍ አይወስደኝም። ሥዕሉን ፎቶ አንስቼ ኮምፒውተር ላይ ከመነሻው ፎቶ ጋር ደራረብኩት። አፍንጫው ልክ ነው። የዓይኖቿ ርቀት ልክ ነው። ግንባሯ ላይ ያሉት መስመሮች እንኳ ቦታቸውን አልሳቱም። ሰዓሊው እጁ ጥሩ ነው። ስህተቱ ያለው ቀለሙ ላይ ነው፤ ጠይሟ አያቴ ቀልታለች።

«ቀልታለች» ማለትም እኮ ልክ አይደለም። እኛ ቆዳው ፈካ ያለውን ሰው «ነጭ» አንልም፣ «ቀይ» እንላለን። ቀይ፣ ቀይ ዳማ፣ ጠይም፣ ጥቁር። ቋንቋችን ከቆዳ ሥር ደም እንዳለ ያውቃል። ሥዕሉ ላይ ያለችው ሴት ግን ቀይም አይደለችም። አመድ ናት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፊትን ማብራት የፈለገ ሰዓሊ መጀመሪያ እጁ የሚሄደው ወደ ነጭ ቀለም ነው። ነጭ ግን ቡናማ ውስጥ ሲገባ ማንጣት ብቻ አይደለም የሚሠራው፤ ሙቀቱንም ይገድለዋል፣ ጠመኔ ያስመስለዋል። እናቶቻችን ይህን ሥዕል ቤት ሳይገቡ ያውቁታል። ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ስንወጣ «ና ወዲህ፣ ፊትህ አመድ መስሏል» እያሉ ቫዝሊን የሚቀቡን ለምን ነበር? የደረቀ ቆዳ ብርሃኑን በየአቅጣጫው ስለሚበትነው ግራጫ ይመስላል። ቅባት ሲነካው ግን ጥቁረቱ ይጠልቃል፣ ብርሃኑም ግንባርና ጉንጭ ላይ ተሰብስቦ ያበራል። ቆዳው አልነጣም፤ እንዲያውም ጠቁሯል። ያበራው ግን ያኔ ነው። የእኛ ሰዓሊ የአያቴን ቅባት ጠርጎ አመዱን መለሰባት።

ጠይም ፊት ላይ የምናየው ወዝ በአብዛኛው ከቆዳው ላይ ተንጸባርቆ የሚመለስ ብርሃን ነው፤ ብርሃኑ ደግሞ የመጣበትን ቦታ ቀለም ይዞ ይመጣል። አያቴ ከሰዓት በኋላ ደጃፍ ላይ ትቀመጥ ነበር። ግንባሯ ላይ ቀዝቀዝ ያለው ሰማይ ያርፋል። በሙዙ በኩል ያለው ጉንጯ አረንጓዴ ነገር ይነካካዋል። ከአገጯ ሥር ያለውን ጥላ ነጩ ጋቢዋ ያሞቀዋል። «የሥጋ ቀለም» ተብሎ በቱቦ የሚሸጥ ቀለም ከእነዚህ አንዱንም አልያዘም።

ለማነጻጸር ቬላስኬዝ እ.ኤ.አ. በ1650 ሮም ላይ የሣለውን የኹዋን ዴ ፓሬኻን ምስል ከፈትኩ። ሥዕሉ ኒውዮርክ በሚገኘው ሜትሮፖሊታን ሙዚየም ነው፤ ትልቁ ፎቶ በነፃ ይወርዳል። ፓሬኻ ያኔ የቬላስኬዝ ባሪያ ነበር፤ እሱም ሰዓሊ ነው። ጠይም ግንባሩ ገና ፊቱን ታጥቦ የወጣ ይመስል ያበራል። ቀለም የሚለካውን መሣሪያ እዚያ ብሩህ ቦታ ላይ ሳሳርፈው ያገኘሁት ቀለም ከአንገትጌው ነጭ በጣም የራቀ ነው፤ ለብቻው ቆርጠህ ብታየው «ብርሃን» አትለውም። የሚያበራው ዙሪያው ስለተቆጠበ ነው። ልብሱና ከኋላው ያለው ደብዛዛ ግራጫ ዝም ብለዋል፣ ነጩን አንገትጌው ወስዶታል፣ ፊቱ ፊት ሆኖ ቀርቷል።

ሌላም መንገድ አለ። ቀለሙን በዘይት አቅጥኖ፣ በደረቀ ፈካ ያለ ቀለም ላይ በስሱ መደረብ። ብርሃኑ ስሱን ሽፋን አልፎ ከሥር ካለው ጋር ተጋጭቶ ይመለሳል፤ ብርጭቆ ውስጥ ያለ ሻይ መስኮት ዳር ሲቀመጥ እንደሚያበራው። አፈወርቅ ተክሌ አዲስ አበባ አፍሪካ አዳራሽ ውስጥ በ150 ካሬ ሜትር መስታወት ላይ የሠራውን ያየ ሰው ነገሩ ቶሎ ይገባዋል፤ ቀለሙ ጥልቅ እንደሆነ ብርሃን ያሳልፋል። ሸራ ላይ ግን ይህ ትዕግሥት ይፈልጋል፣ እያንዳንዱ ሽፋን እስኪደርቅ ቀናት ይቆጠራሉ።

ከዘመናችን ሰዓሊዎች ታደሰ መስፍንን የምወደው ለዚህ ነው። በአለ የሥነ ጥበብና ዲዛይን ትምህርት ቤት ለረጅም ዓመታት ያስተማረ ሰው ነው። «የሕይወት ምሰሶዎች» በተባሉት ተከታታይ ሥራዎቹ የጉሊት ሴቶች ሸራውን ሞልተው ይቆማሉ። ላንቴ መንገድ ዳር ሙዝ ደርድረው የሚቆሙትን አክስቶቼን ነው የማይባቸው። ጥቁረታቸውን አይፈራውም፤ ነጭ አይጨምርበትም፤ ክብራቸው የሚመጣው ከቁመናቸውና ዙሪያቸውን ከከበባቸው ቀለም ነው። የማልስማማበትም አለ። ፊቶቹ እርስ በርስ ይመሳሰላሉ፤ ምሰሶ ሲሆኑ እያንዳንዷ የራሷን ወዝ ትንሽ ታጣለች። ለሐውልት ይህ ያምራል። የእህቴን ልጅ ጥያቄ ግን አይመልስም።

ያንን ወደመመለስ ይበልጥ የሚጠጋው ተማሪው ተስፋዬ ኡርጌሳ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በቬኒስ ቢያናሌ የራሷን ድንኳን ስትከፍት ሥራዎቹ የቀረቡት እሱ ናቸው። የእሱ ሰዎች ቆዳ አንድ ቀለም የለውም፤ ቡናማው አጠገብ ሮዝ፣ ሮዙ አጠገብ ግራጫ አለ። መጀመሪያ ሲታይ ቁስል ይመስላል። ቆይቶ ግን ዓይን ይለምደዋል፣ ሥጋው ይሞቃል፣ ሰውዬው አተኩሮ ሲያይህ አንተ ነህ የምታፍረው። አያቴን እንዲህ ቢሠራት እናቴ ሥዕሉን ቤት አታስገባውም ነበር። እኔ ግን ሰውየው የሥጋን ቀለም በጥያቄ መልክ ማቅረቡን አከብራለሁ፤ የእኛ ሥዕል መልስ ብቻ ነው፣ ያውም የተሳሳተ።

ሰዓሊውን ብቻ መውቀስ ግን አልችልም። «ለአርባዋ ይድረስ» ብለን ያጣደፍነው እኛ ነን፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ሽፋን በሽፋን የሚደርቅ ቀለም የለም። ስልክ ደውሎ «ትንሽ ፈካ አድርጋት፣ ፎቶው አጥቁሯታል» ያለውም ከእኛ ቤት የወጣ ሰው ነው። ሳንዋደድ አይደለም፤ ለሞተ ሰው ጥሩ ልብስ እንደሚመረጠው ነው። ግን የመረጥንላት ልብስ የሌላ ሴት ቆዳ ሆነ።

ሥዕሉ አሁንም እዚያው ነው፣ ማንም ለማውረድ አልደፈረም። እኔ ያችን ትንሽ ፎቶ ክፈፉ ጥግ ላይ ሰክቼያታለሁ። ፎቶዋ ደብዛዛ ናት፣ ጫፏም ታጥፏል። ልጅቷ ሳሎን ስትገባ የምትስመው እሷን ነው።