ማድጋው ጠዋት ሙሉ ነው

የጡረታ ሕጋችን በቃላት አመራረጡ አይታማም። አንድ የመንግሥት ሠራተኛ በሥራው ሳቢያ እጁን ቢያጣ «ጉዳት» ይለዋል፤ ከሥራው ጋር ባልተያያዘ በሽታ መሥራት ቢያቅተው ደግሞ «የጤና ጉድለት»። ሥነ ጽሑፍ አስተምር በነበረበት ዘመን ቢሆን ይቺን ልዩነት ጥቁር ሰሌዳ ላይ እጽፋት ነበር። ጉዳት የአደጋ ቃል ነው፤ ቀን አለው፣ ቦታ አለው፣ ጠባሳ አለው። ጉድለት ግን የስፍር ቃል ነው። ማድጋው ሙሉ ነበር፣ ጎደለ። ታዲያ ጠዋት ሞልቶ ማታ የሚጎድል ማድጋ ሲመጣ መቼ ይሰፈራል?

የቃላት ጨዋታ አይደለም። ሐይቅ ከተማ የምትኖር አንዲት የቀድሞ ተማሪዬ፣ 14 ዓመት ያስተማረች መምህርት፣ በሽታዋ ማያስቴኒያ ግራቪስ ይባላል። ነርቭ ለጡንቻ የሚልከውን መልእክት የገዛ ሰውነቷ መከላከያ መድረሻው ላይ ይዘጋዋል። ጡንቻው ሲያርፍ ይበረታል፣ ሲሠራ ይዝላል። በዓለም ላይ ከ10 ሺህ ሰው ሁለቱን ቢይዝ ነው። ጠዋት የመጀመሪያውን ክፍለ ጊዜ እንደ ማንም ታስተምራለች። በሦስተኛው ድምፅዋ ይሰልላል፤ በአምስተኛው የዓይኗ ቆብ ይወርድና አንዱ ተማሪ ሁለት ሆኖ ይታያታል። ማታ ጉርሻ አልዋጥ ይላታል። ስሙ እስኪገኝለት ድረስ ስንፍና ተብሏል፣ ዓይን በልቷታል ተብሏል፤ እናቷ ጠበል ወስደዋታል፣ ጎረቤታቸው ሼህ ዱዓ አድርገውላታል። ከደሴ በስተሰሜን ያለው የቦሩ ሜዳ ሆስፒታል በሥጋ ደዌ ሕክምና የታወቀ ነው፤ ያ ደዌ ስንት መገለል ቢያመጣም ስምና አድራሻ ነበረው። የእሷን ስም ለማግኘት አዲስ አበባ መሄድ ነበረባት።

ስሙ ከተገኘ በኋላ ወረቀቱ መጣ። አዋጅ ቁጥር 714/2003 ቢያንስ 10 ዓመት አገልግሎ በጤና ጉድለት ለሚሰናበት ሠራተኛ ዕድሜ ልክ አበል ፈቅዷል፤ በ2014 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1267 ተተክቷል። መንገዱ በሕክምና ቦርድ በኩል ነው። ማመልከቻ ጸሐፊው በለመደው ቋንቋ «ከአልጋ ውዬ» ብሎ ጀመረላት። «ኧረ ከአልጋ አልዋልኩም፣ ሰርዘው» አለችው። ሰውየው ተቆጣ፤ እንደ እሱ ከሆነ ሌላ አጻጻፍ የለም። ማመልከቻችን እኮ እንደ ሙሾ የራሱ ወግ ያለው ድርሰት ነው፤ ወይ ትወድቃለህ ወይ ትቆማለህ፣ መሃሉ አይጻፍም።

ቦርዱ የቀጠራት ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ነበር። ተኝታ አድራ፣ ፒሪዶስቲግሚኗን ውጣ ቀረበች። እጅሽን አንሺ፣ አነሳች። ተራመጂ፣ ተራመደች። «መሥራት ትችላለች» ተብሎ ተጻፈ። ሐኪሞቹ አልዋሹም፤ በ2 ሰዓት ተኩል እውነት ነበር። ወዳጆቿ ግን መከሯት፦ «በሚቀጥለው ኪኒኑን ሳትውጪ ሂጂ፣ እንድትወድቂላቸው።» ይህ ምክር እንቅልፍ ነስቶኛል። ይህ በሽታ ሲብስ የመተንፈሻን ጡንቻ ይይዛል። ልታገኝ የሚገባትን ለማግኘት ትንፋሿን አስይዛ ትወና እንድትሠራ ነው የተመከረችው፤ የመከሯት ደግሞ የሚወዷት ናቸው።

የሚያናድደው፣ ስለ አካል ጉዳተኞች የሥራ ስምሪት መብት የወጣው አዋጅ ቁጥር 568/2000 አካል ጉዳተኛን ሲተረጉም ጎደሎ እጅና እግር አልቆጠረም፤ ጉዳቱ ከማኅበረሰቡ አድልዎ ጋር ተዳምሮ የሥራ ዕድሉን ያጠበበበትን ሰው ነው ያለው። ድንቅ ትርጉም ነው። አዋጁ ከቅጹ ይልቃል፤ ደራሲው ከአንባቢው እንደሚልቀው። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ2013 ባመጡት የአካል ጉዳት ድጎማ ደንብ አንድ ሰው አንድን ነገር «ይችላል» ለመባል ደጋግሞ፣ ያለ አደጋ፣ በአግባቡና በተመጣጣኝ ጊዜ መሥራት አለበት። እዚያም ስሞታው አላለቀም፤ ቢሆንም «ደጋግሞ» የምትለዋ ቃል ለእኛ ቅጽ ትጠቅመው ነበር።

ገጠር ወጣ ብንል ነገሩ ይገለበጣል። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የምርታማ ሴፍቲኔት ፕሮግራም ጉልበት ላለው ሥራ፣ ለሌለው ቀጥታ ድጋፍ ሲል፣ ማን የትኛው ነው የሚለውን የቀበሌው ሰው እንዲለይ አደረገ። ጎረቤት ደግሞ ጠዋት ሲያርስም ማታ ሲዝለፈለፍም ያያል። ስሙን ባያውቅም ሁለቱን ሰዓት ያያል። ቦርድ ያለው አንድ ሰዓት ብቻ ነው።

ለመፍትሔው መሣሪያ አያስፈልግም። በሽተኛዋን «ቀና ብለሽ ጣሪያውን እይ» ብሎ አንድ ሁለት ደቂቃ መጠበቅ ብዙ ጊዜ ይበቃል፤ ቆቡ ቀስ እያለ ይወርዳል። የነርቭ ሐኪሞች የሚያውቁት የቆየ ፍተሻ ነው።

አሁን ሁለት ክፍለ ጊዜ ታስተምራለች፤ የቀረውን ባልደረቦቿ ተካፍለው ይዘውላታል፣ ርእሰ መምህሩም እንዳላየ ያልፋል። አዲሱን ማመልከቻ በስልክ አብረን ጻፍነው። «ጋሼ፣ ረዘመ እኮ» አለችኝ፤ እኔ ግን አላሳጠርኩትም። «ጉዳዩ» ከሚለው ሥር፣ ምርመራው ከቀኑ 9 ሰዓት በኋላ እንዲሆንላት ይጠይቃል።