ከቡጢ በፊት ዓይን

ከአዲስ አበባ ምሥራቃዊ ሰፈሮች፣ ከገርጂ፣ ከጃክሮስና ከሰሚት፣ ወደ ቦክስ ልምምዳችን የሚመጡ ልጆች ገና በመጀመሪያው ሳምንት የሚጠይቁኝ ጥያቄ አንድ ነው፤ “ኮች፣ መማታት መቼ ነው የምንጀምረው?” መልሴም ያው ነው፤ ቡጢ ሲመጣባችሁ ዓይናችሁን መጨፈን ስታቆሙ።

ጀማሪ ሁሉ ይጨፍናል። ይህ የፈሪነት ምልክት አይደለም። ወደ ፊት የሚወረወር ነገር ሲመጣ የዓይን ቆብ ከሐሳብ ቀድሞ ይዘጋል። ነገር ግን በዚያች ቅጽበት ልጁ ተጋጣሚው የት እንዳለ አያውቅም፤ እጁን ወዴት እንደሚልክ አያውቅም፤ ትንፋሹንም ይይዛል። በዚህ ሥራ ውስጥ ስኖር የጸናሁበት እምነት ይህ ነው፤ የጀማሪ ቦክስ ከሞላ ጎደል የማየት ጥበብ ነው፤ የጀማሪዎች ውድድርም የሚፈትነው ይህንኑ ነው።

ማየት በምክር አይመጣም። ሁለት ልጆችን ፊት ለፊት እናቆማለን። ግራ እግር ከፊት፣ ቀኝ ከኋላ፣ ጉልበት ላላ፣ አገጭ ወደ ደረት ዘንበል፣ እጆች ጉንጭ አጠገብ። ግራኝ የሆነው ይገለብጠዋል። ከዚያ በተራና በዝግታ የጓደኛን ትከሻ በመዳፍ መንካት ነው። ሳምንታት ካለፉ በኋላ ጓንት ይጠለቃል፤ አሁንም በግራ እጅ ብቻ ግንባርን ነካ አድርጎ መመለስ። ቡጢውን የሚጠብቀውን ልጅ “አትነካ” አንለውም፤ “አትጨፍን” ነው የምንለው። የነካው ነገር እንደማይሰብረው ደጋግሞ ሲያይ ዓይኑ ይረጋጋል።

የት እንደሚያይም መማር አለበት። የተጋጣሚውን ጓንት የሚከተል ዓይን ይታለላል፤ ጓንት ውሸት ይችላልና። ከአንገት ሥር፣ ከደረት በላይ ያለውን ቦታ የሚያይ ልጅ ግን ሁለቱንም ትከሻ በአንድ ጊዜ ያገኛል። ቡጢ እጅ ላይ ከመድረሱ በፊት ትከሻ ላይ ይታያል። ጃብ፣ ማለትም ከፊት ባለው እጅ የሚላክ ቀጥተኛ ቡጢ፣ ትርጉም የሚኖረው ይህ ከገባው በኋላ ነው። ጃብ ይመታል፤ ለጀማሪ ግን ዋናው ሥራው ርቀት መለካት ነው። ግራው ከደረሰ ቀኙ ይከተላል፤ ካልደረሰ እግር ይቅደም።

ከዓይን ቀጥሎ ትንፋሽ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ናት። እዚህ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የምናገኘው ኦክስጅን በባሕር ዳርቻ ከሚገኘው ሩብ ያህል ያንሳል። ልጆቻችን እዚሁ ስላደጉ ለምደውታል፤ ማለዳ ከሲኤምሲ ወደ አያት ሲሮጡ አይቸገሩም። እነዚሁ ልጆች ግን ሪንግ ውስጥ ገና አንድ ደቂቃ ሳይሞላ ያለከልካሉ። ከፍታው አይደለም ያደከማቸው፤ ቡጢ በላኩ ቁጥር ትንፋሻቸውን ስለሚይዙ ነው። ትንፋሽ ሲያዝ ትከሻ ይደርቃል፤ ትከሻ ሲደርቅ እጅ ይወርዳል፤ ዓይንም ከፊት ለፊቱ ካለው በስተቀር ምንም አያይም። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ቡጢ ጋር አየር በአፍንጫ ማስወጣትን እናለማምዳለን። ልምምድ ላይ ጀርባዬን ሰጥቼ ብቆም እንኳ የትኛው ልጅ እየተነፈሰ እንደሆነ ከድምፁ አውቃለሁ።

ወደ ውድድር ስንሄድ ከሁሉ የሚከብደው የአሰልጣኝ ሥራ ልጁን ከማን ጋር እንደሚያጋጥም መወሰን ነው። ሚዛን ክብደትን ብቻ ነው የሚናገረው። አንድም ጊዜ ያልተጋጠመ ልጅ አምስት ጊዜ ከተጋጠመ ልጅ ጋር በኪሎ እኩል ቢወጣም ግጥሚያው እኩል አይደለም። ዕድሜን፣ የልምምድ ዘመንን፣ የግጥሚያ ብዛትን ከሌላው ክለብ አሰልጣኝ ጋር ፊት ለፊት መነጋገር ያስፈልጋል። ለጀማሪ ክብደት መቀነስንም አልፈቅድም። ውሃ ተከልክሎ፣ ላስቲክ ለብሶ ሲያልብ ያደረ ልጅ ሚዛኑን ያልፋል፤ ሪንግ ላይ ግን ደርቆ ይወጣል። በዛሬ ኪሎው ይጋጠም።

ጾም ሲሆን ጾሙን አልከራከርም፤ የምቀይረው የልምምዱን ሰዓት ነው። በዐቢይ ጾም 55 ቀናት ከባዱ ሥራ የሚጾሙት ከቀመሱ በኋላ ይሆናል፤ በረመዳን ደግሞ ካፈጠሩ በኋላ። ሽሮ፣ ምስርና ባቄላ በደንብ ከተበሉ ለጀማሪ ሥራ በቂ ናቸው።

የውድድሩ ቀን ከቦሌ በኩል ተነስተን፣ በመገናኛ አድርገን፣ ከተማውን አቋርጠን ወደ ምዕራብ እንጓዛለን። ራስ ኃይሉ የስፖርት ማዕከልን የመሰለ ቦክስ የለመደ ስፍራ ሲደርሱ ልጆቹ ዝም ይላሉ። ያን ጊዜ ንግግር አላበዛም፤ ፋሻ እጠቀልላለሁ። የእጅ አንጓ ጠበቅ፣ የጣት መገጣጠሚያ ወፈር፣ አውራ ጣት ነጻ። የልጁ እጅ መንቀጥቀጡን እጄ ላይ አውቀዋለሁ፤ ፋሻው ሳያልቅ ብዙውን ጊዜ ይቆማል። ከዚያ ቀይ ወይም ሰማያዊ ኮርነር፣ የራስ መከላከያ፣ የጥርስ መከላከያ፤ ዳኛው ከሚናገራቸው ሦስት ቃላት፣ ማለትም “ቦክስ”፣ “ስቶፕ” እና “ብሬክ”፣ በስተቀር ምንም ላለመስማት ቃል መግባት። ከተመልካቹ መካከል “በለው!” የሚል ወንድም አይጠፋም፤ እሱንም አለመስማት።

በዙር መካከል ያለችው አንድ ደቂቃ ለአሰልጣኝ ፈተና ናት። ልጁ ተቀምጦ ትንፋሹ እስኪመለስ ሃያ ሰከንድ ይሄዳል፤ ለመነሳት አሥር ሰከንድ። የቀረው ለአንድ ነገር ብቻ ይበቃል። ሦስት ነገር የተነገረው ጀማሪ አንዱንም ይዞ አይነሳም። አንድ የሰሚት ልጅ በመጀመሪያ ግጥሚያው ሙሉውን አንደኛ ዙር ዓይኑን ጨፍኖ እጁን ሲያወናጭፍ ዋለ። “ትከሻውን እየው” ብቻ አልኩት። በሁለተኛው ዙር ሁለት ቡጢ አየና ራሱን ዝቅ አድርጎ አሳለፋቸው። በሦስተኛው ጃቡ ደረሰ። በነጥብ ተሸነፈ፤ የእኔ ግምት ግን በዚያን ቀን ከክለባችን ልጆች የበለጠ የተማረው እሱ እንደነበር ነው።

የነጥብ ዳኝነት ራሱ ልጆች ሊያውቁት የሚገባ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1988 የሴኡል ኦሊምፒክ ፍጻሜ አሜሪካዊው ሮይ ጆንስ በቡጢ ቆጠራ 86 ለ32 እየመራ በዳኞች 3 ለ2 ተሸነፈ። ያ ውሳኔ ለ1992ቱ ኦሊምፒክ የኮምፒውተር ቆጠራን ካመጡት ምክንያቶች አንዱ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2013 ወዲህ ደግሞ ዳኞች ለእያንዳንዱ ዙር አሸናፊ 10 ነጥብ ይሰጣሉ። ለልጆቼ የምነግራቸው አጭር ነው፤ በጓንቱ ፊት፣ በጥራት፣ ዳኛው በሚያየው መንገድ ምቱ። በጭፍን የተላከ ቡጢ ከዳኛም ይሰወራል።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን አሰልጣኝ ራሱ ማየት አለበት። የራስ መከላከያ መቆረጥንና ማበጥን ይቀንሳል፤ አንጎል የራስ ቅል ውስጥ ከመናወጥ አያድንም። የልጁ እግር ሲከዳው፣ ዓይኑ ሲፈዝ፣ የጠየቅኩትን ዘግይቶ ሲመልስ ግጥሚያው እዚያ ያበቃል። ፎጣ ለመወርወር የልጁን ፈቃድ አልጠይቅም። በአማተር ቦክስ የቆየው ሕግ ራሱን ተመትቶ በዝረራ የወደቀ ወይም ግጥሚያው የተቋረጠበት ልጅ ቢያንስ 30 ቀን እንዳይጋጠምና የልምምድ ግጥሚያ (ስፓሪንግ) እንዳይሠራ ይከለክላል። ይህን ለሚሸራርፍ ክለብ ልጅ በአደራ ሊሰጠው አይገባም።

ኢትዮጵያ ቦክሰኞችን ወደ ኦሊምፒክ ልካለች፤ እ.ኤ.አ. በ1980 ሞስኮ ላይ ከሯጮቻችን ጋር ቡጢኞችም ነበሩ። እስከ ዛሬ ግን የኦሊምፒክ ሜዳሊያዎቻችን ሁሉ የመጡት ከአትሌቲክስ ነው። በቦክስ የጎደለን ጀግንነት አይመስለኝም፤ የጎደለን የታችኛው እርከን ነው። አንድ ልጅ እኩያውን አግኝቶ፣ ሳይጎዳ፣ በዓመት ደጋግሞ የሚጋጠምበት የሰፈር ውድድር ያስፈልገዋል። ሴቶች ልጆችም እንዲሁ፤ የሴቶች ቦክስ ኦሊምፒክ የገባው እ.ኤ.አ. በ2012 ነው፤ ልምምዳችን ውስጥ ዓይናቸውን ቀድመው የሚገልጡት ብዙ ጊዜ እነሱ ናቸው። በቦሌና በምሥራቁ የከተማችን ክፍል ሜዳው ሁሉ ሕንፃ ሆኗል። ይሁንና በየኮንዶሚኒየሙ ያለ የጋራ መገልገያ ቤት በሳምንት ሁለት ምሽት ቢከፈት፣ ወለሉ ንጹሕ ቢሆንና መብራት ቢኖረው ለመጀመር ይበቃል። ሪንጉ ቆይቶ ይመጣል።

ወላጆች ሆይ፣ ልጃችሁን ቦክስ ከማስገባታችሁ በፊት አንድ ምሽት መጥታችሁ ተቀመጡ። አሰልጣኙ ልጆቹን ሲጋጠሙ እንዴት እንደሚያይ እዩ፤ መቼ እንደሚያስቆም ጠይቁት። ከውድድር በኋላም “አሸነፍክ?” ከማለታችሁ በፊት “ምን አየህ?” በሉት። ለእኛ ለአሰልጣኞችም የምለው አለኝ፤ የጀማሪዎች ውድድር ውጤት እሑድ በዳኞች ወረቀት ላይ አያልቅም። ከተሸነፉት ስንቱ ሰኞ ማታ ፋሻውን ይዞ እንደተመለሰ ቁጠሩ። የእኛ ነጥብ እሱ ነው።